ራዲያተር ስንመርጥ የምንመርጠው የውሃውን ሙቀት ነው

ስለ ሂት ፓምፕ፣ ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ ቤት ስለሚያሞቀው መሣሪያ፣ ሲወራ ወሬው ሁሉ ደጅ ስለሚቀመጠው ማሽን ነው። ስንት ኪሎዋት ነው? ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል? የትኛው ኩባንያ ይሻላል? ራዲያተር፣ ማለትም ሙቅ ውሃ እየዞረበት ክፍሉን የሚያሞቀውን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብረት፣ የሚያነሳ ሰው የለም። ቢነሳም «እሱ ቀላል ነው፣ አንዳንዱ ይቀየራል» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ቤት ነዳጅ አቃጥሎ ውሃ የሚያሞቀውን ቦይለር አውጥተን ሂት ፓምፕ ለማስገባት ስንነሳ ማሽኑን መምረጥ ብዙም አላደከመኝም። እንቅልፍ የነሱኝ ራዲያተሮቹ ናቸው። ቢነሱኝም ይገባቸዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሂት ፓምፕ ሙቀትን እንደ ቦይለር አቃጥሎ አያመጣም። ከውጭው አየር ይለቅማል፣ በኮምፕሬሰር ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ ለውሃው ያስረክባል። ውጭው በጣም ቢበርድም የሚለቀም ሙቀት አይጠፋም። ኤሌክትሪክ የምንከፍለው ከፍ ለማድረጉ ነው። የሚያደርሰው ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሥራው ይከብዳል። ውጭው 0 ዲግሪ ሆኖ ውሃውን 35 ላይ ማድረስና 55 ላይ ማድረስ አንድ አይደለም። ፊዚክስ የሚፈቅደውን ጣሪያ ራሳችን ማስላት እንችላለን። የውሃውን ሙቀት በኬልቪን ወስዶ (በዲግሪው ላይ 273 ደምሮ) ከውጭው ጋር ላለው ልዩነት ማካፈል ብቻ ነው። 308 ለ35 ሲካፈል 8.8 ይሆናል፤ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ቢበዛ 8.8 እጅ ሙቀት ማለት ነው። 328 ለ55 ሲካፈል 6 አይሞላም። እውነተኛ ማሽን የዚህን ግማሽ ቢያገኝ ጎበዝ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን አይጠፋም። በግርድፉ ውሃው 1 ዲግሪ ዝቅ ባለ ቁጥር የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ይቀንሳል። ከ55 ወደ 45 ብንወርድ ከአምስት አንድ እጅ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ተረፈ ማለት ነው። ያውም በየዓመቱ።

ታዲያ ውሃው ስንት ዲግሪ ይሁን የሚለውን ማሽኑ አይወስንም። የሚወስነው ራዲያተሩ ነው። ትልቅ ራዲያተር ለብ ባለ ውሃ ክፍሉን ያሞቃል። ትንሹ የሚፋጅ ውሃ ይጠይቃል። እጅግ ዘመናዊ የተባለ ማሽን ገዝቶ ከትንንሽ ራዲያተሮች ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ቤቱም ይሞቃል። ሂሳቡ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ዘመናዊነት የት ገባ ያሰኛል።

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና በማግስቱ ፕሮፎርማ ላከ። የማሽኑ ዝርዝር አንድ ገጽ ሙሉ ነው። ስለ ራዲያተር የተጻፈው «እንደ አስፈላጊነቱ ይቀየራል» የሚል ብቻ ነው። ደውዬ «በስንት ዲግሪ ውሃ ነው ያሰሉት?» አልኩት። «በ55፤ አይጨነቁ፣ ማሽኑ ይችለዋል» አለኝ። መቻሉንማ ይችላል። በስንት ወጪ ነው እንጂ ጥያቄው። ሁለተኛው ባለሙያ ሜትር ይዞ መጣ። እያንዳንዱን ክፍል ለካ፣ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ የኢንሱሌሽኑን፣ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚከላከለውን ንጣፍ፣ ውፍረት አየ። ሥራውን የሰጠነው ለእሱ ነው። የመጣ ሰው ሜትር ካላወጣ ሻይ ጋብዞ መሸኘት ነው የሚል አቋም ይዣለሁ።

አሁን ወደ ካታሎጉ። ራዲያተር ሻጮች የሚጽፉት የዋት ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ግን ለእኛ ቤት የተጻፈ አይደለም። ኢኤን 442 የሚባል የአውሮፓ መስፈርት አለ። በእሱ መሠረት ራዲያተሩ የሚለካው 75 ዲግሪ ውሃ ገብቶ 65 ሆኖ ሲወጣ ነው፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ። የውሃው አማካይ 70 ነው፣ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ ይበልጣል። ሂት ፓምፕ ግን 45 አስገብቶ በ40 ቢመልሰው አማካዩ 42.5 ነው። ልዩነቱ 22.5 ብቻ ሆነ።

ልዩነቱ ከግማሽ ትንሽ በታች ስለሆነ ዋቱም በዚያው ልክ ግማሽ አካባቢ ይሆናል ብሎ ማሰብ ያጓጓል። አይሆንም። ራዲያተር አብዛኛውን ሙቀት የሚሰጠው አየሩን አሙቆ ወደ ላይ በመንዳት ነው። ብረቱ ለብ ሲል አየሩም ይሰንፋል። ስለዚህ ዋቱ ከሙቀቱ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ልዩነቱን ለ50 ማካፈል፤ 0.45 ይመጣል። ካልኩሌተሩ ላይ የአርቢ ቁልፉን ተጭኖ 1.3 ማስገባት። 0.35 ገደማ ይላል። ካታሎጉ ላይ 1,730 ዋት የተባለ ራዲያተር እኛ ቤት 610 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ውሃው 50 ገብቶ በ45 ቢመለስ 0.46 ነው። 55 ገብቶ በ50 ቢመለስ 0.57። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ስልኬ ላይ ጽፌ ነው ሱቅ ለሱቅ የዞርኩት። አንዳንድ የቆየ ካታሎግ ደግሞ በ60 ዲግሪ ልዩነት የተለካ ቁጥር ይጽፋል፤ እሱ ሲታይ ያማረ ነው፣ ግን ከሌላው ጋር አይወዳደርም። በስንት ዲግሪ ልዩነት እንደተለካ ያልጻፈ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ክፍሉ ስንት ዋት ይፈልጋል የሚለው ሌላው ግማሽ ነው። ሳሎናችንን ልውሰድ። 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው፣ ቁመቱ 2.4። ሁለት ግድግዳው ውጭ ነው። በጣም ብርዳም በሆነ ሌሊት ውጭው ከዜሮ በታች 3 ይሆናል ብለን ያዝን፣ ውስጡን 20። ልዩነቱ 23። ግድግዳው በመሃሉ ኢንሱሌሽን ስላለው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.55 ዋት ያመልጠዋል። 18.6 ካሬ ሜትር አለው፤ 235 ዋት። መስኮቱ ባለ ሁለት መስታወት ቢሆንም የቆየ ነው፣ 2.8 ያመልጠዋል፤ ለ3 ካሬ ሜትር 193 ዋት። ወለሉ 276። ከሁሉ የበለጠው ግን አየር ነው። የክፍሉ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል ብለን ብናስብ 48 ሜትር ኩብ ብርድ አየር ማሞቅ አለብን፤ 364 ዋት። ድምሩ 1,070 ዋት ይጠጋል።

ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ ክፍል መሥራት አሰልቺ ነው። እኔ ግን ወደድኩት። ቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት ኖረን ሙቀቱ የት የት እንደሚሄድ ሳላውቅ መኖሬ ገረመኝ። ግድግዳ ነው እያልን የምንከሰው ብርድ ለካ በበሩ ሥርና በመስኮቱ ጠርዝ ነበር የሚገባው።

እንግዲህ 1,070 ለ0.354 ሲካፈል 3,020 ይመጣል። ካታሎግ ላይ 3,020 ዋት የሚል ራዲያተር ፍለጋ ተጀመረ።

የሳሎኑ አሮጌ ራዲያተር በካታሎግ ቋንቋ 1,900 ዋት ገደማ ነበር። 1,070 ዋት ከእሱ ለማግኘት ውሃው 55 መሆን አለበት። መኝታ ቤቶቹ ሰነፍ ክፍሎች ናቸው፤ 18 ዲግሪ ይበቃቸዋል፣ ራዲያተራቸው ደግሞ ድሮም ሲገጠም ከልክ በላይ ተደርጎ ነው። ለእነሱ 45 እንኳ ይተርፋቸዋል። ጉዱ ያለው ከጋራዡ በላይ ባለችው ጠባብ የሥራ ክፍል ነው። ሦስት ጎኗ ውጭ ነው፣ ከሥሯ ደግሞ ያልሞቀ ጋራዥ። 750 ዋት ትጠይቃለች። ያላት ራዲያተር ባለ አንድ ፓነል፣ 1,000 ዋት የሚባል ነው። ስሌቱ ሲሠራ ውሃው 62 ወይም 63 ዲግሪ ካልሆነ አትሞቅም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። ውሃው አንድ ነው። ለሥራ ክፍሏ 63፣ ለመኝታ ቤቱ 45 ብሎ መላክ በተራ አሠራር አይቻልም። አንዲት ጠባብ ክፍል ስለበረዳት ማሽኑ ለቤቱ ሁሉ 63 ዲግሪ ውሃ ያዘጋጃል። ሲራራ ነጋዴ በደካማዋ አህያ እግር ነው የሚጓዘው፤ ሌሎቹ ምን ቢበረቱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ «የትኞቹን ራዲያተሮች ልቀይር?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ሆነ። ክፍሎቹን በሚፈልጉት የውሃ ሙቀት ቅደም ተከተል መደርደር ነው። ከላይ ያለውን ማስተካከል። ከዚያ ቀጣዩን። የሥራ ክፍሏ ስትስተካከል ቤቱ ከ63 ወደ 55 ይወርዳል። ሳሎኑ ሲስተካከል ወደ 45።

ከ45 ወደ 40 ለመውረድስ? እዚያ ላይ የሒሳቡ መልክ ይቀየራል። ደካማ ክፍል የሚባል አልቀረም፤ ሁሉም እኩል ሆነዋል። 40 ላይ ለመድረስ ሁሉንም ራዲያተር በአንድ ጊዜ በ40 በመቶ ያህል ማሳደግ ይጠይቃል። ትርፉ ከ10 በመቶ ብዙ አይበልጥም። ያውም 45 የሚባለው በዓመት ጥቂት ለሆኑት እጅግ ብርዳም ሌሊቶች ነው። ማሽኑ የውጭውን ሙቀት እያየ ውሃውን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ውጭው 7 ዲግሪ በሆነ ተራ ቀን ከ36 አካባቢ አያልፍም። ሁለት ክፍል አስተካክለን 18 ዲግሪ ወርደናል። የቀረችውን 5 ዲግሪ ተውኳት። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ቢሆን ግን ሌላ እመክረው ነበር፤ ወለሉ ሥር ቧንቧ ዘርግቶ 35 ላይ መጨረስ።

ወደ ገበያው ስንወጣ ደግሞ ሌላ ቋንቋ አለ። 11፣ 21፣ 22፣ 33። መጀመሪያ ስሰማው የአውቶቡስ ቁጥር መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዋ አኃዝ ውሃ የሚሄድባቸው ፓነሎች ቁጥር ናት። ሁለተኛዋ በመካከላቸው ያሉት የተጣጠፉ ቆርቆሮዎች ረድፍ ናት፤ አየሩን የሚያሞቁት በዋናነት እነሱ ናቸው። ቁመቱ 60 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ራዲያተር ብንወስድ 11 የሚባለው 1,000 ዋት ገደማ ይሰጣል። 22 ደግሞ 1,730 አካባቢ። 33 ወደ 2,400። ግድግዳው ላይ የሚይዙት ስፋት ያው ነው፤ የሚለያዩት በውፍረት ነው። 11 ከግድግዳው 6 ሴንቲ ያህል ይወጣል፣ 22 10፣ 33 ወደ 16 ሴንቲ። አሮጌ ባለ አንድ ፓነል ራዲያተር ያለው ሰው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት 22 ወይም 33 ቢሰቅል ብዙ ነገር ያተርፋል። ብዙ ጊዜ ቧንቧውን በትንሹ ማስጠጋት ብቻ ይበቃዋል።

ለሥራ ክፍሏ 33 ይበቃ ነበር። ባለቤቴ ግን ከጠረጴዛዋ ጀርባ 16 ሴንቲ የሚወጣ ብረት ስታስብ «ታዲያ እኔ የት ልቀመጥ?» አለች። ልክ ነበረች። ወንበሩ አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ነው ባለሙያው የጋራዡን ጣሪያ ያስታወሰን። «ራዲያተሩን ከማሳደግ ብርዱን ለምን አንቀንሰውም?» አለ። የጋራዡን ጣሪያ በኢንሱሌሽን ሰሌዳ ሸፈንነው። የክፍሏ ፍላጎት ከ750 ወደ 600 ዋት ወረደ። ለ600 ዋት ደግሞ 22 በ45 ዲግሪ ውሃ ልክክ ይላል። ከሁሉም ውሳኔዎቻችን የምወደው ይህን ነው። ኢንሱሌሽኑ ውሃ አያፈስም፣ አይዝግም፣ ቦታ አይዝም።

ሳሎን ላይ ግን ተከራከርን። 3,020 ዋት ለማግኘት 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው 22 ያስፈልጋል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ቦታ 1.6 ሜትር ነው። 33 ቢሆን በ1.3 ሜትር ያልቅ ነበር፤ ግን እሱ ሲያዩት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሳጥን ነው የሚመስለው፣ ክብደቱም ቀላል አይደለም። የእኛን ግድግዳ አላመንኩትም። በመጨረሻ ለሁለት ከፈልነው። 1 ሜትሩ ከመስኮቱ ሥር፣ 80 ሴንቲው በሩቁ ግድግዳ። የመጽሐፍ መደርደሪያው ቦታ ለቀቀ። መደርደሪያው የእኔ ነበር፤ ይሁን። ሁለት ሆነው ሲሰቀሉ ሙቀቱ በክፍሉ እኩል ይዳረሳል፣ የመስኮቱ ሥር ደግሞ ከመስታወቱ የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር ይይዛል። መጋረጃው ወለል ድረስ የሚወርድ ከሆነ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ሙቀቱ ከመጋረጃው ጀርባ መስታወቱን ሲያሞቅ ያድራል። በእንጨት ሳጥን የሚሸፈን ራዲያተርም እንዲሁ፤ ቆንጆ ነው፣ ለሂት ፓምፕ ግን አይሆንም።

ፎጣ ማድረቂያ የሚመስሉት የመታጠቢያ ቤት ራዲያተሮች ራሱን የቻለ ጉዳይ ናቸው። ቱቦ ብቻ ናቸው፣ አየር የሚነዳ ቆርቆሮ የላቸውም። የሚያብረቀርቅ ክሮም ከሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ የተወለወለ ብረት ሙቀቱን በጨረር መልክ ለመስጠት ይሰስታል፣ ቀለም የተቀባው ግን በደንብ ይለቃል። ነጭ ሆነ ጥቁር ለውጥ የለውም። ፎጣም ሲሰቀልበት የቀረው ይሸፈናል። እኛ ነጭ ቀለም የተቀባውን፣ የተገኘውን ትልቁን ወስደን በሩ ጀርባ ትንሽ 22 ጨመርንበት።

አሉሚኒየም ራዲያተር ቶሎ ይሞቃል፣ ቀላል ነው፣ ያምራል። የውሃውን ኬሚካል ግን በጥንቃቄ መያዝ ይፈልጋል፤ የውሃው አሲድነትና አልካሊነት ሲዛባ ይበላል፣ ለአሉሚኒየም የሚሆን መከላከያ ካልተጨመረበትም አያስተማምንም። ከብረትና ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ሲሠራ ጭንቀቱ ይጨምራል። እኔ ብረቱን መረጥኩ። ትንንሽ ፋን ያላቸውም አሉ። ከትንሽ ቦታ ብዙ ዋት ያወጣሉ፣ ለጠባብ ክፍል መፍትሔ ናቸው። ግን ኤሌክትሪክ ይጎትትላቸዋል፣ አቧራቸው ይጠረጋል፣ ሌሊት ጸጥ ሲል ደግሞ ይሰማሉ። መኝታ ቤት ውስጥ አላስገባቸውም።

ቧንቧውን ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ምክንያቱም ራዲያተሩን ገዝተው እዚህ ላይ የሚሰናከሉ አሉ። ቦይለር ውሃውን ሲሄድና ሲመለስ ባለው የ20 ዲግሪ ልዩነት ሊያዞረው ይችላል። ሂት ፓምፕ የሚወደው 5 ዲግሪ ነው። 1 ኪሎዋት ለማድረስ በ20 ዲግሪ ልዩነት በደቂቃ 0.7 ሊትር ይበቃል፤ በ5 ዲግሪ 2.9 ሊትር ይፈልጋል። አራት እጥፍ ውሃ ነው። ራዲያተሩ ጋ የሚደርሰው ቧንቧ 8 ወይም 10 ሚሊ ከሆነ ያን ያህል ውሃ አያሳልፍም፤ ቢያሳልፍም ያፏጫል። የእኛ 15 ሚሊ ስለነበር ተረፍን። ወለል መንቀል ቢመጣ ኖሮ ፕሮጀክቱን የሚያስጨርሰኝ ትዕግሥት መኖሩን እንጃ።

በየራዲያተሩ ላይ ያሉትን ቴርሞስታት ቫልቮች (ክፍሉ ሲሞቅ ውሃውን የሚዘጉትን) አብዛኞቹን እስከ መጨረሻ ከፍተናቸዋል። የለመደ እጅ ክፍል በክፍል እየዘጋ ሊቆጥብ ይሞክራል። ሲዘጋጉ ግን የሚዞረው ውሃ ያንሳል፣ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ እየበራ ይጠፋል። ውጭው ማሽን ላይ የሚይዘውን ውርጭ ለማቅለጥም በቤቱ ውስጥ የሚዞር በቂ የሞቀ ውሃ ያስፈልገዋል። ለሂት ፓምፕ ትልልቅ ራዲያተር የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው፤ ውሃ ይይዛሉ።

እንግዳ ሲመጣ ራዲያተሩን በእጁ ነክቶ «አልበራም እንዴ?» ይላል። 42 ዲግሪ የሆነ ብረት ለእጅ ለብ ያለ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። በቦይለር ዘመን ማታ ማታ የሚፋጅ ራዲያተር ላይ ጀርባችንን ደግፈን እንሞቅ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ይናፍቀኛል ብል አልዋሸሁም። ክፍሉ ግን ቀን ከሌሊት 20 ነው። ማታ ማጥፋት፣ ጠዋት ማንደድ የሚባል የለም። ለብ ያለ ራዲያተር የቀዘቀዘ ቤት ለማንሳት ሰዓታት ስለሚፈጅበት ቀጥ አድርጎ መተው ይሻላል።

አሁን የቀረኝ ሥራ ማስተካከል ነው። ባለሙያው 45 ላይ አድርጎት ሄደ። እኔ በጣም ሲበርድ ጠብቄ አንድ ዲግሪ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ፣ ማን እንደሚያማርር አያለሁ። ቤት ቀስ ብሎ ነው የሚመልሰው፤ በሰዓታት ውስጥ መፍረድ አይቻልም። 43 ላይ መጀመሪያ ያማረረው ኮሪደሩ ነው፣ የሥራ ክፍሏ አይደለችም። የኮሪደሩን ራዲያተር ከታች ያለውን ቫልቭ ሩብ ዙር ከፈትኩለት፣ የመኝታ ቤቱን ትንሽ ጠበብ አደረግኩ። ሁለቱም ረኩ። በሚቀጥለው ብርድ 42ን እሞክራለሁ። ባለቤቴ ግን ቴርሞሜትሩ 20 እስካሳየ ድረስ ቁጥሩ ለእሷ እንዳይነገራት አሳስባለች።